ፀሐይ ለሚበረታበት ደጅ ድርቅ ቻይ የሣር ዘር ስለ መምረጥ

ባለፈው ወርኃ ሐምሌ፣ ዝናብ ከተቋረጠ ሦስተኛው ሳምንት ሲጋመስ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ከሚገኘው ቤቴ ደጅ ላይ አካፋ ይዤ ወጣሁና ሁለት ጉድጓድ ቆፈርሁ፤ አንደኛውን ሣሩ ገርጥቶ ሲረግጡት ከሚንኮሻኮሽበት ከእግረኛው መንገድ ዳር፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከዚያ ዐሥር እርምጃ ርቆ ልምላሜው ገና ካልተለየው ከደረጃው ግርጌ። ከፊተኛው ጉድጓድ የወጣው ሥር ከጣት ርዝመት የማያልፍ፣ ከላይ ከላይ ብቻ የተጠላለፈ ነበር፤ ከሁለተኛው ግን ነጫጭ ክር የመሰሉት ሥሮች ቀዩን ሸክላ ዐፈር ሰንጥቀው አንድ ክንድ ሙሉ ወርደዋል፤ በጫፋቸው የነበረውን ዐፈር በእጄ ስጨብጠው ገና እርጥበት ነበረው። ሁለቱንም ስፍራ አንድ ፀሐይ ይመታቸዋል፣ አንድ ዝናብ ያርፍባቸዋል፤ የለያያቸው የዘሩ ስምና የተዘራበት ወር ነው። የመንገዱን ዳር፣ ቤቱን በገዛሁበት ዓመት በሚያዝያ፣ ሥዕሉን አይቼ በርካሽ የገዛሁትን ከረጢት ዘርቼበት ነበር፤ የደረጃውን ግርጌ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በመስከረም፣ ስሙን ጠይቄና በከረጢቱ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቤ በገዛሁት፣ ቶል ፌስኪው በተባለው ሣር ዘር አለበስሁት።

ይህን መመሪያ የምጽፈውም እንደ እኔ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ በማናሳስም ሆነ በዉድብሪጅ፣ ብዙ ዘመን በአፓርታማ ከኖሩ በኋላ ደጅ ያለው ቤት ለገዙ፣ ያም ደጅ ዛፍ የሌለበትና ከረፋድ እስከ ሠርክ ፀሐይ የሚያርፍበት ለሆነባቸው፣ የሠፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደግሞ ሣሩ በተቃጠለ ቁጥር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለሚልክባቸው ወገኖቼ ነው። የአካባቢው ጠባይ ለሣር አስቸጋሪ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የሣር ሊቃውንት ይህን አገር «የመሸጋገሪያ ቀጠና» ይሉታል፤ ይኸውም የቆላ ሣር የሆኑት ቤርሙዳና ዞይዥያ የብርዱን ወራት ገለባ መስለው የሚያሳልፉበት፣ የደጋ ሣር የሆነው ብሉግራስ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ወበቅ ዝሎ የሚተኛበት፣ ለአንዱም ሙሉ በሙሉ የማይመች መካከለኛ ስፍራ ስለሆነ ነው። ከደጋዎቹ ሣሮች መካከል ይህን ሙቀት ከሁሉ ተሽሎ የሚችለው ቶል ፌስኪው ነው።

ፌስኪው ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በመንዝ ከፍታ ላይ የሚበቅለው፣ ቤት የሚከደንበትና ገመድ የሚገመድበት ጓሳ ከዚሁ ከፌስኪው ወገን የሚቈጠር ሣር ነው፤ የመንዝ ሰዎችም መስኩን ለዓመታት ከልለው፣ ጠባቂ አቁመው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ያጭዱት እንደ ነበር ስናስብ፣ ሣርን በሥርዐትና በትዕግሥት መያዝ ከአባቶቻችን የወረስነው ጥበብ መሆኑን እንረዳለን። በዚህ አገር ደጅ የሚዘራው ቶል ፌስኪው ግን ከአውሮፓ የመጣ ነው። ስሙ የገነነው፣ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኢ. ኤን. ፈርገስ በሜኒፊ አውራጃ በአንድ ተዳፋት እርሻ ላይ ጸንቶ የበቀለውን ሣር አይቶ ዘሩን ከወሰደና፣ ከምርመራ በኋላ በ1943 ዓ.ም. «ኬንታኪ 31» በሚል ስም ለገበሬው ከተሰራጨ ጀምሮ ነው። ይህ ዝርያ ለከብት ግጦሽና ለመንገድ ዳር ተዳፋት የተወደደ ይሁን እንጂ ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ፣ አበቃቀሉም የተበታተነ ስለሆነ ለቤት ደጅ አያምርም። ለግቢ የሚሆነውን ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ ፌስኪው ለማግኘት ብዙ የደከመው በኒው ጀርሲ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሪድ ፈንክ ነበር፤ በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ የወጣው «ሬብል» የተባለው ዝርያም ዛሬ ለምናያቸው የግቢ ፌስኪዎች ሁሉ በር ከፋች ሆነ። ኬንታኪ 31 ግን እስከ ዛሬ በትልልቅ ከረጢት በርካሽ ይሸጣል፤ አንድ ጊዜ በደጅዎ ከገባም በቀጭኑ ሣር መካከል እንደ ጉብታ እየጐላ ዓመታት ስለሚቈይ፣ ርካሽነቱ አያታልልዎት።

እዚህ ላይ «ድርቅ ቻይ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጥቂት ልዘግይበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ቃል ነውና። ፌስኪው ውሃ የማይጠጣ ሣር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ከሚጠጡት አንዱ ነው። ድርቅን የሚችለው ሥሩን ሁለት ጫማ፣ ዐፈሩ ከፈቀደለትም ሦስት ጫማ ወደ ታች ሰድዶ፣ ሌሎቹ ሣሮች ሊደርሱበት ከማይችሉት ጥልቀት ውሃ ስለሚቀዳ ነው። ብሉግራስ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ይገረጣል፣ ይተኛል፣ ዝናብ ሲመለስ ከመሬት በታች ካለው ግንዱ ዳግመኛ ያቈጠቍጣል። ፌስኪው ረጅም ጊዜ ለምለም ሆኖ ይቈያል እንጂ፣ አንድ ጊዜ ፈጽሞ ከሞተ እንደ ብሉግራስ ተንሰራፍቶ ባዶውን ስፍራ አይሞላም፤ እየተነጠለ በቁጥቋጦ የሚበቅል ሣር ነውና። ስለዚህ ጥልቅ ሥር ሊሰድድ የሚችል ዝርያ መምረጥና፣ ያ ሥር እንዲወርድ መንገዱን መክፈት፣ ሁለቱ ተነጣጥለው የማይሠሩ አንድ ሥራ ናቸው።

ዘር ከመግዛትዎ በፊት ደጅዎን ይመርምሩ። በአንድ ጥሩ ፀሐያማ ቀን በጠዋት፣ በቀትርና በሠርክ ወጥተው ጥላው የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ፤ በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኘው ስፍራ ሙሉ ፀሐይ ያለበት ይባላል፣ ይህ ጽሑፍም የሚናገረው ስለዚያ ነው። ከዚያ ረጅም ጠመንጃ መፍቻ ወስደው፣ ዝናብ በዘነበ በማግሥቱ ዐፈሩን ይውጉት። ያለ ብዙ ኀይል እስከ እጀታው ከገባ መልካም ነው፤ ሦስትና አራት ጣት ገብቶ ከቆመ ግን ዐፈሩ ተጨፍልቋል ማለት ነው። በአዳዲስ ሠፈሮች ይህ እጅግ የተለመደ ነው፤ ቤት ሠሪዎቹ የላዩን መልካም ዐፈር ጠርገው፣ ቀዩን ሸክላ በከባድ መኪና ረግጠው፣ በላዩ ላይ ስስ ዐፈር በትነው ይሄዳሉና። የዘሪውን ምሳሌ በቤተ ክርስቲያን የሰማ ሁሉ እንዲህ ባለ መሬት ላይ የወደቀ ዘር ፍጻሜው ምን እንደሆነ ያውቃል። መድኀኒቱ ዐፈሩን እየነቀለ የሚያወጣውን የማናፈሻ መኪና ለአንድ ቀን ተከራይቶ ደጁን ደጋግሞ ማስኬድና፣ በየቀዳዳው ላይ የበሰበሰ ኮምፖስት መበተን ነው። የዐፈር ምርመራም አይርሱ፤ በየካውንቲው ካለው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ የዐፈር መላኪያ ሣጥን ወስደው ዐፈሩን ቢልኩ፣ በቨርጂኒያ በብላክስበርግ ያለው የቨርጂኒያ ቴክ ላቦራቶሪ መርምሮ፣ ኖራ ያስፈልገው እንደሆነ በልክ ይነግርዎታል። ፌስኪው ከ6 እስከ 7 ባለው ፒኤች ይስማማዋል፤ የዚህ አገር ዐፈር ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይልቅ ይኰመጥጣል።

ቀጥሎ የዝርያዎቹን ስም በወረቀት ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ እንጂ፣ ሱቁ ያሳየዎትን አይውሰዱ። ለዚህ እኛ የዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች ታድለናል፤ በሜሪላንድ ቤልትስቪል ያለው፣ «ኤንቴፕ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ብሔራዊ የሣር ምርመራ ፕሮግራም፣ ዝርያዎችን በልዩ ልዩ ስቴቶች ዘርቶ ከ1 እስከ 9 ማርክ ይሰጣቸዋል፤ 9 ከሁሉ የበለጠው ነው። ከዚህም በላይ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና ቨርጂኒያ ቴክ በኅብረት ለሁለቱ ስቴቶች ተስማሚ ሆነው የተገኙትን ዝርያዎች ዝርዝር ያወጣሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ዝናብ እንዳይነካቸው በሚንቀሳቀስ ጣራ ሥር ተፈትነው ልምላሜያቸውን ረጅም ጊዜ የያዙትን ይፈልጉ፤ «ቲ ደብልዩ ሲ ኤ» በሚል ስም የሚታወቀው የሣር ውሃ ቈጣቢዎች ኅብረት ይህን ፈተና ላለፉት ምልክቱን ይሰጣል። በ6.3 እና በ6.5 ማርክ መካከል ያለው ልዩነት ግን እንቅልፍ አይንሣዎት፤ እንዲህ ያለው ጥቂት ልዩነት ብዙ ጊዜ ከአጋጣሚ አይለይም። እኔ ከጠቅላላው ማርክ ይልቅ ሁለት ነገር እመለከታለሁ፤ አንደኛ በድርቅ ጊዜ ያገኘውን፣ ሁለተኛም «ብራውን ፓች» የተባለውን የሻጋታ በሽታ እንዴት እንደቻለ። በዚህ አገር የሐምሌ ሌሊት ሞቃትና ርጥብ በመሆኑ፣ ድርቁን የቻለው ሣር በዚህ በሽታ እንደ እንጀራ ምጣድ ክብ ክብ እየሆነ ሲቃጠል ማየት የተለመደ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ በከረጢቱ ላይ ወዳለው ወረቀት ደረስን። በከረጢቱ ፊት ላይ ያለው ሥዕል፣ በለምለም መስክ ላይ የሚሮጠው ሕፃንም ሆነ «ድርቅ የማይበግረው» የሚለው ታላቅ ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚለውን ይናገራል፤ በጀርባው ወይም በጐኑ በደቃቅ ፊደል የታተመው ሠንጠረዥ ግን ሕግ የሚያስገድደው ቃል ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የዘር ሕግና የየስቴቱ ሕግ፣ ሻጩ በውስጡ ያለውን በመቶኛ ዘርዝሮ እንዲጽፍ ያዝዛሉ። መነጽርዎን አድርገው እንዲህ ያንብቡት።

በመጀመሪያ ስም ይፈልጉ። «ቶል ፌስኪው» ከሚለው ፊት የዝርያው መጠሪያ ሊኖር ይገባል፤ ስሙ የለም፣ ወይም «ዝርያው አልተገለጠም» የሚል ቃል ብቻ አለ ማለት፣ አባቱ ያልታወቀ ዘር ነውና ይተዉት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም ጐን ያለውን መቶኛ ይደምሩ፤ መልካም ከረጢት ከመቶው 97 እና 98 እጅ ንጹሕ ዘር ይይዛል። ቀጥሎ የመብቀል ኀይሉን ይመልከቱ፤ ከ85 በታች ከሆነ አይግዙት፣ 90 ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ «የሌላ ሰብል ዘር» የሚለውን ያንብቡ፤ ይህ ቃል ሲያዩት ምንም የማይጐዳ ይመስላል፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚያስፈራው እርሱ ነው፤ ለገበሬ ሰብል የሆነው ለደጅ አረም የሚሆን ሻካራ ሣር ሊሆን ይችላልና፣ ከተቻለ ዜሮ፣ ካልተቻለም ከግማሽ በመቶ እጅግ ያነሰ ይሁን። የአረም ዘርም እንዲሁ፤ «ክፉ አረም» በሚለው ረድፍ ላይ ደግሞ «አልተገኘም» የሚል ቃል ብቻ ይቀበሉ። በመጨረሻም የተፈተነበትን ወር ይመልከቱ፤ ዓመት ካለፈው ከረጢቱን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት።

«ሕይወት የሌለው» ተብሎ የተጻፈው ረድፍ የተለየ ነገር አለው። በተራ ከረጢት ገለባና አቧራ ስለሆነ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ነው፤ በቀለም በተለበጠ ዘር ላይ ግን ልባጡ ራሱ 50 እጅ ሲደርስ ይታያል። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለው ዘር እፍኝ በነጭ ሳሕን ላይ አፍስሼ በውሃ ባጥበው፣ አረንጓዴው ልባጥ እንደ ጭቃ ሟሟና ከእፍኙ ግማሽ የማይሞላ ዘር ብቻ ከሳሕኑ ግርጌ ቀረ። ስለዚህ የከረጢቱን ዋጋ አያወዳድሩ፤ ሊበቅል የሚችለውን ዘር ዋጋ ያወዳድሩ። ለምሳሌ አንዱ ከረጢት ፓውንዱ 3 ዶላር ሆኖ ንጽሕናው 98፣ የመብቀል ኀይሉ 90 ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ ከመቶው 88 እጅ ሕያው ዘር ነው፤ የሕያው ዘሩ ዋጋ እንግዲህ ፓውንዱ 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያህል ይሆናል። ሁለተኛው በልባጥ የተሸፈነው ፓውንዱ 2 ዶላር ሆኖ ንጽሕናው 50፣ የመብቀል ኀይሉ 85 ቢሆን፣ ሕያው ዘሩ ከ43 እጅ አይበልጥም፤ ዋጋውም ወደ 4 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይወጣል። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በቤትዎ የቆየ ዘር ካለ ደግሞ መፈተኑ ቀላል ነው። መቶ ፍሬ ቈጥረው በረጠበ የወጥ ቤት ወረቀት ላይ ይደርድሩ፣ ጠቅልለው በላስቲክ ያድርጉት፣ ፀሐይ በማይመታው ስፍራ ያኑሩት፤ በሁለት ሳምንት የበቀለው ቍጥር መቶኛው ነው።

አንድ ዝርያ ብቻ አይዝሩ፤ ሦስት የተለያዩ የፌስኪው ዝርያዎች የተቀላቀሉበትን ይምረጡ። አንዱን በሽታ ቢያገኘው ሌላው ይቆማል፣ በቀለምም የተቀራረቡ ስለሆኑ ለዐይን አንድ ኅብር ይሆናሉ። ከዚህ ላይ በሚዛን ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ብሉግራስ የተጨመረበት ቢሆን ባዶ የቀረውን ስፍራ በሥሩ እየሄደ ይሞላልዎታል። አምስት እጅ ጥቂት መስሎ አይታይዎት፤ አንድ ፓውንድ ፌስኪው ወደ 200 ሺህ ፍሬ ሲይዝ፣ የብሉግራስ ፍሬ ግን እንደ ጤፍ የደቀቀ በመሆኑ በአንድ ፓውንድ ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ነው። ራይግራስ፣ ይልቁንም የአንድ ዓመቱ ራይግራስ፣ የበዛበትን ከረጢት ግን ይሽሹ። በሳምንት ውስጥ በቅሎ ዐይን ይማርካል፣ ፌስኪውን በጥላው ያፍናል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ እርሱም አይገኝም፤ በመንገዱ ዳር የዘራሁት የመጀመሪያው ከረጢት የያዘው በአብዛኛው ይህንኑ ነበር።

በአንዳንድ ወረቀት ላይ «ኤንዶፋይት» የሚል ቃል ያገኛሉ። ይህ በሣሩ አካል ውስጥ ተስማምቶ የሚኖር ረቂቅ ፈንገስ ነው፤ ለሣሩ ቅጠል በሊታ ተባይን የሚመልስ መራራነትና በድርቅ ጊዜ ብርታት ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ለደጅ ሲሆን መልካም ምልክት ነው። ፈንገሱ ግን ከዘሩ ቀድሞ ስለሚሞት፣ በሞቃት መጋዘን የከረመ ከረጢት ይህን በረከት አጥቶ ይሆናል። ከከተማ ወጣ ብለው ሰፊ መሬት ለያዙትና ከብት ወይም ፈረስ ለማሰማራት ለሚያስቡት ግን ይህ ዘር ፈጽሞ አይሆንም፤ በፈንገሱ የሚገኘው መርዝ ከብትን ያከሳል፣ የከበደች ባዝራንም ክፉኛ ይጐዳል።

የሚዘራበት ወር ለእኛ ለማስታወስ እጅግ የቀለለ ነው፤ ከእንቍጣጣሽ እስከ መስቀል። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መባቻ ይቻላል፣ ነገር ግን ዐፈሩ ገና ሞቃት፣ አየሩ ግን የቀዘቀዘ፣ አረሙም የደከመ የሚሆነው በእነዚያ ሁለት በዓላት መካከል ነው። በሚያዝያ የተዘራ ፌስኪው ሥሩ ሳይወርድ ሐምሌ ይደርስበታል፤ ደግሞም በጸደይ ክራብግራስ የተባለው አረም እንዳይበቅል መድኀኒት ከረጩ፣ ያው መድኀኒት ብዙ ጊዜ የዘሩትንም ዘር እንዳይበቅል ይከለክለዋል።

ልኩ ለባዶ መሬት በ1,000 ካሬ ጫማ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ፣ ይኸውም በአንድ ሜትር ካሬ ከ30 እስከ 40 ግራም ነው፤ በነባር ሣር ላይ ለመደረብ 4 ፓውንድ ያህል ይበቃል። ከዚህ አብልጠው ቢዘሩ ቡቃያው እርስ በርሱ ተጣብቆ ይታመማል እንጂ አይጠቅመውም። ግማሹን ዘር ደጁን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም ይበትኑት፤ ከዚያ በመቧጠጫ በቀስታ ሩብ ኢንች ያህል ዐፈር ያልብሱት። በላዩም ስስ አድርገው ገለባ ይበትኑ፤ ለ1,000 ካሬ ጫማ አንድ እስር ይበቃል። ድርቆሽ ግን እንዳይሸጥልዎት ይጠንቀቁ፤ በድርቆሽ ውስጥ ያለው የአረም ፍሬ ዓመት ሙሉ የደከሙበትን ያበላሻል፣ ገለባ ከድርቆሽ እንዴት እንደሚለይም ከእኛ ወገን ለማንም አይነገርም። እስኪበቅል ድረስ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በስሱ ያጠጡ፤ በሰባት ቀን አረንጓዴ ጭላንጭል ይታያል፣ በዐሥራ አራት ቀን ይሞላል። አራት ኢንች ሲደርስ የመጀመሪያውን አጨዳ ያድርጉ፣ ከሲሶው በላይም አይቍረጡ።

ከበቀለ በኋላ ውሃውን ከማብዛት ይልቅ ማራራቅን ይማሩ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ሣር ሥሩን ወደ ታች የሚሰድበት ምክንያት የለውም፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በድምሩ አንድ ኢንች፣ በማለዳ ይጠጣ። ልኩን ለማወቅ ባዶ የቱና ቆርቆሮ በደጁ ላይ ያስቀምጡና ውሃው አንድ ኢንች ለመሙላት የወሰደበትን ጊዜ ይያዙ። በማታ አያጠጡ፣ በሙቀቱም ወራት ናይትሮጂን አይስጡት፤ ብራውን ፓችን የሚጠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ማዳበሪያው የሚሰጠው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የሜሪላንድ ነዋሪዎች ደግሞ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ድረስ ለደጅ ሣር ማዳበሪያ መስጠትን እንደሚከለክል ይወቁ። የማጨጃውን ምላጭ በሦስት ኢንች ተኩልና በአራት ኢንች መካከል ያቁሙት፤ ረጅም ቅጠል ረጅም ሥር ይመግባል፣ ዐፈሩንም በጥላው ያቀዘቅዘዋል።

ዘሩን ዘርተው ሲጨርሱ ባዶውን ከረጢት ከመጣልዎ በፊት ወረቀቱን በመቀስ ቈርጠው ከቤቱ ሰነዶች ጋር ያኑሩት። ፌስኪው ራሱ እየሄደ ስለማይሞላ፣ በየዓመቱ መስከረም ጥቂት ስፍራ መደረብ ግድ ይሆናል፤ ሌላ ዝርያ ቢደርቡበት ቀለሙ ተለይቶ በነጠላ ላይ እንደ ተጣፈ ባዕድ ጨርቅ ይታያል። እኔም ዘንድሮ የመንገዱን ዳር የምዘራው፣ ለደረጃው ግርጌ ከገዛሁት ከረጢት ላይ የቈረጥሁትን ወረቀት ይዤ ሄጄ፣ እነዚያኑ ሦስት ስሞች እስካገኝ ፈልጌ ነው።